«ከኋላ ግድግዳ፣ ደረጃ ሁለት»፦ የአልትራሳውንድ ሪፖርት ስለ እንግዴ ልጅ ሊነግረን የሚገባው

በእርግዝና ክትትል ላይ የሚሰጥ የአልትራሳውንድ ሪፖርት ስለ ፅንሱ ብዙ ይላል። የጭንቅላቱ ስፋት፣ የሆዱ ዙሪያ፣ የጭኑ አጥንት ርዝመት፣ የልብ ምቱ፣ የሽርት ውሃው መጠን ሁሉ በቁጥር ይሰፍራል። ፅንሱን የሚመግበው፣ ኦክስጅን የሚያቀብለውና ቆሻሻውን የሚያስወግድለት እንግዴ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ መስመር ይታለፋል፦ «ከኋላ ግድግዳ፣ ደረጃ ሁለት»። ይህች ግማሽ መስመር ስለ እንግዴ ልጁ ጤና የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው።

«ደረጃ» የሚባለው ከዜሮ እስከ ሦስት የሚሰጥ ነጥብ ሲሆን፣ በ1979 ግራኑምና ባልደረቦቹ ያቀረቡት ነው። መሠረቱ በእንግዴ ልጁ ውስጥ የተጠራቀመው ካልሲየም በምስሉ ላይ የሚፈጥረው ነጭ ነጠብጣብና መስመር ነው። ካልሲየሙ ደግሞ እርግዝናው በገፋ ቁጥር በጤነኛ እንግዴ ልጅ ላይም ይጨምራል። በ38ኛው ሳምንት «ደረጃ ሦስት» የተጻፈላት እናት «እንግዴ ልጁ አርጅቷል» ተብላ የምትደነግጥበት ምክንያት የለም። ይኸው ደረጃ ከ32ኛው ሳምንት በፊት ከታየ፣ በተለይ የደም ግፊት ያለባት ወይም ሲጋራ የምታጨስ እናት ከሆነች፣ የፅንሱን እድገት ቀረብ ብሎ ለመከታተል ምክንያት ይሆናል። ከዚህ ያለፈ ክብደት ሊሰጠው አይገባም።

በዚህች ግማሽ መስመር ፋንታ ሪፖርቱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከማህፀን በር ስንት ሚሊሜትር ይርቃል? እትብቱ የገባበት በየት በኩል ነው? የእናት ደም ሳይቸገር ይደርስበታል? ፅንሱ የሚልከው ደምስ ሳይቸገር ያልፍበታል? ከዚህ በፊት በቀዶ ህክምና ለወለደች እናት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ እንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ሥር ሰዶ ይሆን?

ቦታው በሚሊሜትር

የእንግዴ ልጁ ጠርዝ ከማህፀን በር የውስጥ አፍ ከ20 ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነ «ዝቅ ብሎ የተቀመጠ» ይባላል። አፉን ከሸፈነ ፕላሴንታ ፕሪቪያ ነው። መለኪያው ግልጽ ይመስላል፤ ስህተት የሚበዛው ግን እዚሁ ላይ ነው። በሆድ በኩል ሲታይ የሞላ ፊኛ የታችኛውን የማህፀን ክፍል ከፊትና ከኋላ ያጣብቀዋል፤ ያን ጊዜ የማህፀን በር ከልኩ በላይ ረዝሞ፣ እንግዴ ልጁም በሩን የሸፈነ መስሎ ይታያል። በአንድ ቦታ የተኮማተረ የማህፀን ጡንቻም እንዲሁ ያሳስታል። እንግዴ ልጁ ከኋላ ሲሆን ደግሞ የፅንሱ ጭንቅላት ጥላ ጠርዙን ይደብቀዋል።

መፍትሔው ፊኛን ባዶ ማድረግ፣ መኮማተሩ እስኪለቅ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም በብልት በኩል በሚገባው መመርመሪያ መለካት ነው። ይህ ምርመራ ደም ያስነሳል የሚለው ፍርሃት ብዙ እናቶችን ያስቀራል። መመርመሪያው የማህፀን በር ውስጥ አይገባም፤ ከፊቱ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ፕሪቪያ ላለባት እናትም አስተማማኝ ነው። በሆድ በኩል ብቻ ታይቶ «ፕሪቪያ» ተብሎ የተጻፈ ውጤት በዚህ መንገድ ሳይረጋገጥ ውሳኔ ሊመሠረትበት አይገባም።

በ20ኛው ሳምንት ዝቅ ብለው ከታዩት ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ እስከ መጨረሻዎቹ ወራት ከማህፀን በር ይርቃሉ። የታችኛው የማህፀን ክፍል እያደገ ሲሄድ በጠርዙና በበሩ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ስለዚህ ምርመራው በ32ኛው ሳምንት ይደገማል፤ አሁንም ካልራቀ በ36ኛው ሳምንት አካባቢ እንደገና ታይቶ የአወላለዱ መንገድ ይወሰናል። በሩን አልፎ በብዛት የሸፈነ ወይም በቀድሞ የቀዶ ህክምና ጠባሳ ላይ የተቀመጠ እንግዴ ልጅ የመራቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

እትብቱ የሚገባበትን ቦታ ማየት ቀለም ባለው ዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ የአልትራሳውንድ ዘዴ) ከአንድ ሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እትብቱ ከጠርዙ 2 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ሊገባ ይችላል። ከመቶ ነጠላ እርግዝና በአንዱ ያህል ደግሞ ጭራሽ እንግዴ ልጁን ሳይነካ በሽፋኑ ላይ ያርፋል፤ የደም ሥሮቹም ያለ ምንም መከላከያ በሽፋኑ ውስጥ ይሮጣሉ። እነዚህ ሥሮች በማህፀን በር ላይ ወይም አጠገቡ ካለፉ ቫሳ ፕሪቪያ ይባላል። የሽርት ውሃው ሲፈስ ሥሮቹ ሊበጠሱ ይችላሉ፤ የሚፈሰው ደም ደግሞ የእናት ሳይሆን የፅንሱ ነው። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ፅንስ በአጠቃላይ ያለው ደም ከ300 ሚሊሊትር ብዙም አይዘልምና በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በ2004 የታተመ ጥናት፣ ችግሩ ከመወለዳቸው በፊት ከታወቀላቸው ሕፃናት 97 በመቶው፣ ካልታወቀላቸው ደግሞ 44 በመቶው ብቻ በሕይወት መትረፋቸውን አሳይቷል። ከምስል ምርመራ የሚገኝ ይህን የሚያህል ትርፍ ጥቂት ነው።

ስለዚህ በ20ኛው ሳምንት እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የነበረባት (በኋላ ቢርቅም)፣ እትብቱ በሽፋን ላይ የገባባት፣ እንግዴ ልጁ ሁለት ክፍል ያለው፣ መንታ ያረገዘች ወይም በላቦራቶሪ ማዳቀል የፀነሰች እናት፣ የማህፀን በሩ አካባቢ በብልት በኩል በቀለም ዶፕለር ሊታይላት ይገባል። በሩ ላይ የተኛ ልቅ የእትብት ቀለበት ተመሳሳይ ምስል ይሰጣል፤ እናት ጎኗን ስትቀይር ቀለበቱ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ ቫሳ ፕሪቪያ ግን ባለበት ይቆያል። ከተረጋገጠ ምጥ ሳይጀምር በቀዶ ህክምና ማዋለድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ34 እስከ 36 ሳምንት ባለው ጊዜ።

ጠባሳ ላይ ሥር የሰደደ እንግዴ ልጅ

ጤነኛ እንግዴ ልጅ ከወሊድ በኋላ ከማህፀን ግድግዳ በቀላሉ ይላቀቃል። የቀድሞ ቀዶ ህክምና ጠባሳ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያላቅቀው ስስ ንጣፍ ስለማይኖር ወደ ጡንቻው ሊሰርግ፣ አልፎ ተርፎም እስከ ፊኛ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሳይታወቅ በወሊድ ጊዜ እንግዴ ልጁን ለማውጣት መሳብ እናትን ለሞት የሚያደርስ የደም መፍሰስ ያስከትላል። በ2006 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንደሚያሳየው ፕሪቪያ ያለባት እናት የመጀመሪያ ቀዶ ህክምናዋ ከሆነ ይህ የሚያጋጥማት 3 በመቶ ነው፤ ሁለተኛዋ ከሆነ 11፣ ሦስተኛዋ ከሆነ 40፣ አራተኛዋ ከሆነ 61 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ምስሉን የሚያነበው ባለሙያ መመርመሪያውን ከመያዙ በፊት መጠየቅ ያለበት፣ እናቲቱ ስንት ጊዜ በቀዶ ህክምና እንደወለደች ነው።

ለዚህ ምርመራ ፊኛው ባዶ መሆን የለበትም። ከ200 እስከ 300 ሚሊሊትር ሽንት ሲኖረው በፊኛውና በማህፀኑ መካከል ያለው ወሰን ጥርት ብሎ ይታያል። የሚፈለጉት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከእንግዴ ልጁ ሥር ያለው ጥቁር ስስ መስመር መጥፋት፣ የማህፀን ጡንቻው ከ1 ሚሊሜትር በታች መሳሳት፣ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ቅርፃቸው ያልተስተካከለና ደም የሚናጥባቸው ጉድጓዶች መብዛት፣ ነጩ የፊኛ ግድግዳ መስመር መቆራረጥ፣ እንግዴ ልጁ ወደ ፊኛው ማበጥ፣ በቀለም ዶፕለር ደግሞ ከእንግዴ ልጁ ተነስተው ወሰኑን የሚሻገሩ የደም ሥሮች። የጥቁሩ መስመር መጥፋት ብቻውን ከፊት በተቀመጠ ጤነኛ እንግዴ ልጅም ላይ የተለመደ ነው፤ መመርመሪያውን አጥብቆ መጫንም መስመሩን ያጠፋዋል። የአንድ ምልክት መገኘት ብያኔ አይሆንም፤ በርከት ሲሉና ከቀዶ ህክምና ታሪክ ጋር ሲገጣጠሙ ነው ክብደት የሚያገኙት። በሌላ በኩል ሦስት ጊዜ በቀዶ ህክምና ለወለደችና ፕሪቪያ ላለባት እናት ንጹሕ የመሰለ ምስል ሙሉ መተማመኛ አይሆንም። ደም የተዘጋጀበት፣ ልምድ ያለው የቀዶ ህክምና ቡድን ያለበት ቦታ መውለድ አለባት።

ፍንጩ ቀደም ብሎም ሊገኝ ይችላል። ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት በሚደረግ አልትራሳውንድ የእርግዝናው ከረጢት ከፊት በኩል ዝቅ ብሎ ጠባሳው ላይ ከተቀመጠ፣ ያኔውኑ መጻፍ አለበት። ወራት ካለፉ በኋላ ከረጢቱ ማህፀኑን ስለሚሞላው ይህ መረጃ ከምስሉ ይጠፋል።

የደም ፍሰቱ

እስካሁን ያየነው አቀማመጥን ነው። ሥራውን ለመገምገም የሚያስችለው ዶፕለር ነው። በ1977 በደብሊን ፊትዝጄራልድና ድረም የእትብትን የደም ፍሰት በዶፕለር መለካት እንደሚቻል አሳዩ፤ በ1983 ደግሞ የካምቤል ቡድን የማህፀንን ደም ቅዳ ፍሰት ከእርግዝና ችግሮች ጋር አያያዘ።

በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የእንግዴ ልጁ ሴሎች በማህፀን ግድግዳ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ የደም ሥሮች ገብተው ጡንቻቸውን ያፈርሱና ሰፊ፣ ልል ቧንቧ ያደርጓቸዋል። ይህ ሲሳካ በእርግዝናው መጨረሻ በደቂቃ ከ500 ሚሊሊትር በላይ ደም በዝግታ ወደ ማህፀን ይደርሳል። ካልተሳካ ሥሮቹ እንደጠበቡ ይቀራሉ፤ አፉ በጣት ከተያዘ ጎማ እንደሚፈናጠር ውሃ ደሙ በኃይል እየተረጨ ስሱን የእንግዴ ልጅ ቅርንጫፍ ይጎዳል። የፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከፍ ባለ የደም ግፊት የሚታወቀው የእርግዝና በሽታ፣ እና የፅንስ እድገት መገታት ዋና መነሻ አንዱ ይህ ነው።

በ11ኛውና በ14ኛው ሳምንት መካከል የሚደረገው ልኬት የማህፀን በሩን ቀጥ ባለ ቁራጭ በማሳየት ይጀምራል። መመርመሪያው በቀስታ ወደ ጎን ሲዞር በውስጠኛው አፍ ደረጃ የሚወጣው ደም ቅዳ በቀለም ይታያል። የመለኪያው መስኮት 2 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የድምፅ ሞገዱና የደም ሥሩ አቅጣጫ የሚፈጥሩት ማዕዘን ከ30 ዲግሪ ማነስ አለበት። ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ ከ60 ሴንቲሜትር ካላለፈ የተያዘው ዋናው ሥር ሳይሆን ቅርንጫፉ ሊሆን ስለሚችል እንደገና መፈለግ ያስፈልጋል። ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ሞገዶች ተይዘው የመርገብገብ መጠን የሚባለው ይሰላል፤ ይህም ልብ ሲመታ ካለው ፍጥነት ልብ ሲያርፍ ያለው ተቀንሶ ለአማካዩ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የግራና የቀኙ አማካይ ይወሰዳል። በዚህ ጊዜ 2.35 አካባቢ፣ በ23ኛው ሳምንት በሆድ በኩል ሲለካ ደግሞ 1.44 አካባቢ 95ኛው ፐርሰንታይል ነው፤ ከመቶ እርግዝና የዘጠና አምስቱ ቁጥር ከዚህ በታች ይሆናል፣ ከዚህ ያለፈ ቁጥር ከፍ ያለ እንቅፋት ያሳያል።

ይህ ቁጥር ብቻውን ደካማ ነቢይ ነው። ጥንካሬ የሚያገኘው ከእናትየው ታሪክ፣ በትክክል ከተለካ አማካይ የደም ግፊትና ከእንግዴ ልጁ ከሚመነጨው ፒኤልጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን የደም ምርመራ ጋር ሲሰላ ነው። ጥቅሙም ተጨባጭ ነው። አስፕሬ የተባለው በ2017 የታተመ ሙከራ፣ በዚህ መንገድ ከፍተኛ ሥጋት እንዳለባቸው የታወቁ እናቶች ከ11–14ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 36ኛው ሳምንት ማታ ማታ 150 ሚሊግራም አስፕሪን ሲወስዱ፣ ከ37ኛው ሳምንት በፊት የሚከሰተው ፕሪኤክላምፕሲያ ከ4.3 ወደ 1.6 በመቶ እንደወረደ አሳይቷል። መድኃኒቱ ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ሲጀመር ጥቅሙ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ምስሉ የሚነሳበት ጊዜ የምስሉን ጥራት ያህል ወሳኝ ነው። መጀመር አለመጀመሩን ግን የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ነው።

ሁለተኛው የዶፕለር ልኬት በእትብቱ ደም ቅዳ ላይ ነው፤ ፅንሱ ደሙን ወደ እንግዴ ልጁ ሲልክ የሚገጥመውን እንቅፋት ያሳያል። የቅርንጫፎቹ ሥሮች 30 በመቶ ያህል ሲጎዱ የእንቅፋቱ ቁጥር ከፍ ማለት ይጀምራል። ከ60 እስከ 70 በመቶ ሲደርስ ልብ በምታርፍበት ቅጽበት ፍሰቱ ይቆማል ወይም ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ማወቅ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ የቆመ ፍሰት የረጅም ጊዜ ጉዳት ውጤት ነው። ሁለተኛ፣ የተስተካከለ የእትብት ዶፕለር እንግዴ ልጁ ሙሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሲሶው የሚያህል ሳይጎዳ ምልክት አያሳይምና።

ልኬቱ የሚበላሽባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። ፅንሱ የመተንፈስ እንቅስቃሴ ሲያደርግ ሞገዱ ከፍና ዝቅ ስለሚል መጠበቅ ይገባል። እንቅፋቱ ፅንሱ ሆድ አጠገብ ከፍ፣ እንግዴ ልጁ አጠገብ ዝቅ ስለሚል፣ ክትትሉ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቦታ፣ በተለምዶ በልቅ የእትብት ክፍል ላይ መለካት አለበት። ከሁሉ የከፋው የማጣሪያው አቀማመጥ ነው። ዝቅተኛ ድምፆችን የሚያስወግደው ማጣሪያ ከፍ ተደርጎ ከተተወ ዝግተኛው ፍሰት ከስክሪኑ ይሰረዝና «ፍሰቱ ቆሟል» ተብሎ ይነበባል። ማዕዘኑ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋም እንዲሁ። በዚህ ስህተት አንድ ሕፃን ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ማጣሪያውን ዝቅ አድርጎ፣ ማዕዘኑን ለውጦ፣ በሌላ የእትብት ክፍል ላይ ሳይደገም «ቆሟል» የሚል ቃል ሊጻፍ አይገባም። ሲረጋገጥ ግን መዘግየት የለም። እድገቱ ለተገታ ፅንስ ፍሰቱ ከቆመ ከ32 እስከ 34፣ ወደ ኋላ ከተመለሰ ከ30 እስከ 32 ሳምንት ባለው ጊዜ ማዋለድ ይታሰባል፤ እስከዚያው የልብ ምት ክትትልና የፅንሱ ጉበት አጠገብ ያለው ደም መልስ ዶፕለር ውሳኔውን ሊያፋጥኑት ይችላሉ።

ከ32ኛው ሳምንት በኋላ የሚጀምር የእድገት መገታት ሌላ ጠባይ አለው። የእትብቱ ዶፕለር አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ይሆናል። ኦክስጅን ያጠረው ፅንስ ደሙን ወደ አንጎሉ ስለሚያዞር ለውጡ የሚታየው በአንጎል መካከለኛ ደም ቅዳ ላይ ነው፤ የዚህ ሥር እንቅፋት ይወርዳል። የአንጎሉ ቁጥር ለእትብቱ ሲካፈል ውጤቱ ከ5ኛው ፐርሰንታይል በታች ከሆነ እንግዴ ልጁ ፍላጎቱን እያሟላ አይደለም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሲለካ ጭንቅላቱን በመመርመሪያው መጫን ቁጥሩን ስለሚያዛባ እጅን ማቅለል ያስፈልጋል።

ዶፕለር ከተራው ምስል የበለጠ ኃይል ወደ ሰውነት ያስገባል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በስክሪኑ ላይ የሚታየው የሙቀት መጠን አመልካች ከ1.0 እንዳያልፍ፣ ጊዜውም ባጠረ መጠን እንዲያልቅ ያስፈልጋል። የልብ ድምፅ ለማሰማት ብቻ ዶፕለር ከፍቶ መቆየት ተገቢ አይደለም።

አልትራሳውንድ የማያየው

እንግዴ ልጁ ከመወለዱ በፊት ከግድግዳው ሲላቀቅ አልትራሳውንድ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሊስተው ይችላል። ትኩስ ደም ከእንግዴ ልጁ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ መልክ ስላለው አይለይም፤ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው። እናት ሆዷ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ሕመም ካለባት፣ ደም ከፈሰሳት ወይም የፅንሱ ልብ ምት ከተዛባ፣ «አልትራሳውንዱ ደህና ነው» ተብላ ወደ ቤት ልትመለስ አይገባም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ በንጹሕ ምስል ተማምኖ የሚጠፋው ጊዜ ሕይወት ያስከፍላልና። በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሞቱ ትናንሽ ክፍሎችና የብግነት (የመቆጣት) በሽታዎችም በአብዛኛው አይታዩም። በተቃራኒው ጥቁር ሐይቅ መስለው የሚታዩ የደም ኩሬዎች በብዙ ጤነኛ እርግዝና ላይ ስለሚኖሩ ብቻቸውን አያሳስቡም። ውፍረቱ ከ4 ሴንቲሜትር ሲያልፍ ትኩረት ይሻል፤ ነገር ግን በሰያፍ የተለካ ወይም የተኮማተረ ማህፀን ላይ የተለካ ከሆነ ቁጥሩ የውሸት ነው።

ኤምአርአይ የት ይገባል?

ኤምአርአይ በማግኔት መስክ የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ዋና አገልግሎቱ ሥር የሰደደ እንግዴ ልጅ ሲጠረጠር ነው። በተለይ እንግዴ ልጁ ከኋላ ሲሆን ወይም ወደ ማህፀኑ ጎን መስፋፋቱ ሲያሳስብ ለቀዶ ሐኪሙ ካርታ ይሰጣል፤ በእንግዴ ልጁ ውስጥ የሚታዩ ወፋፍራም ጥቁር መስመሮችና የማህፀኑ ማበጥ ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው። ጋዶሊኒየም የተባለው ማቅለሚያ ወደ ፅንሱ ስለሚሻገር በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም፤ ያለ እሱ የሚነሳ ኤምአርአይ ግን በፅንሱ ላይ ያደረሰው የታወቀ ጉዳት የለም። እናት በጀርባዋ ከተኛች ማህፀኑ ትልቁን ደም መልስ ስለሚጫነው በግራ ጎኗ መተኛት ይመረጣል።

ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሳበው ሌላው ችሎታው ነው። ኦክስጅኑን የለቀቀ ሄሞግሎቢን በማግኔት መስክ ውስጥ ምልክቱን ቶሎ ያደበዝዛል፤ የማደብዘዙ ፍጥነት ሲለካ እንግዴ ልጁ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በተዘዋዋሪ ይታወቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ2014 የጀመሩት የሰው እንግዴ ልጅ ፕሮጀክት ይህንኑ ዓይነት ዘዴ ለማዳበር ነው። ችግሩ ቁጥሩ ብዙ ነገር የሚነካው መሆኑ ነው። እርግዝናው በገፋ ቁጥር በጤነኛ ሴትም ይወርዳል፤ የማግኔት ኃይላቸው የተለያየ መሣሪያዎች (1.5 ቴስላና 3 ቴስላ) የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ፤ እናትየው የማይሰማት መኮማተር እንኳ ለደቂቃዎች ያወርደዋል። ስለዚህ አንድ ቅጽበት ላይ የተነሳ ምስል ሳይሆን በደቂቃዎች ልዩነት የተደጋገመ፣ ለሳምንቱና ለመሣሪያው ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ጋር የተነጻጸረ ልኬት ነው ሊታመን የሚችለው። እስከዚያው ድረስ ለማዋለድ ውሳኔ መነሻ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉም ምስል በኋላ የሚቀር አንድ ምርመራ አለ። እድገቱ የተገታ ወይም ሞቶ የተወለደ ሕፃን፣ ከባድ ፕሪኤክላምፕሲያ ወይም ያልተጠበቀ የዶፕለር ውጤት ሲኖር እንግዴ ልጁ መጣል የለበትም። ወዲያው የማይላክ ከሆነ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል እንጂ በረዶ እንዲሆን አይደረግም፤ በረዶው ሴሎቹን ይሰብራል። ከናሙናው ጋር የሚላከው ወረቀት የእርግዝናውን ሳምንት፣ የሕፃኑን ክብደትና የመጨረሻውን የዶፕለር ውጤት መያዝ አለበት። የፓቶሎጂው መልስ በእናትየው እጅ ሊገባ ይገባዋል፤ ቀጣዩን እርግዝና የሚከታተለው ሐኪም በ11ኛው ሳምንት መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።